መመገብና ማሳደግ፦ «ፎስተር» የሚለው ቃል ምንጭና ትርጉም፣ ከግእዙ «ሐፀነ» እና «መገበ» ጋር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዳሞታ ተራራ ሥር በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ ስለ ሕፃናት የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ለምእመናን ጆሮ እንግዳ አይደሉም። በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሰሌዳ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ፣ በፍርድ ቤት ወረቀትና በዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል «ፎስተር»፣ «ኒውትሪሽን»፣ «ነርስ» የሚሉ ቃላት ዘወትር ይነገራሉ። ከእነዚህ መካከል «ፎስተር» የሚለውን አንዱ «አሳዳጊ»፣ ሌላው «ተንከባካቢ»፣ ሌላውም «ባለ አደራ» እያለ ይተረጉመዋል። የትርጉሙ መለያየት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ የሌላውን ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ማለት ምን ማለት ነው? ማብላት ነውን? ማስተማር ነውን? ወይስ መጠበቅ?

ይህ ጥያቄ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወላጆቹን በሞት ያጣ ወይም በችግር ምክንያት ከቤቱ የወጣ ሕፃን በየአጥቢያችን አለ። ቃሉን በትክክል ያወቀ ሰው ኃላፊነቱንም ያውቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ምንጭ፣ የሥጋ ዘመዶቹን ያህል የሚቀርቡትን ሌሎች ቃላት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቋንቋ በግእዝ የሚመሳሰሉትን ግሦችና የቅዱሳት መጻሕፍትን ምስክርነት እንመለከታለን። በመጨረሻም ቃሉ በወላይታ ምድር ከእኛ ምን እንደሚጠይቅ እናያለን።

የቃሉ ምንጭ

«ፎስተር» ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር ከነበረው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው። የጥንት ቅርጹ «ፎስቶር» ሲሆን ትርጉሙም በቀጥታ «ምግብ» ማለት ነበር። ምግብ ማለት ከሆነው «ፎዳ» ከሚለው ስም ጋርም ዘመድ ነው። ዛሬ ምግብን «ፉድ»፣ መመገብን «ፊድ»፣ የከብት መኖን «ፎደር» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ከዚሁ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ሕግ ወይም ስለ ውል ሳይሆን በገበታ ላይ ስለሚቀርበው እህል ነበር።

ከዚያም ቃሉ ከምግቡ ወደ ሰው ተሻገረ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አንድ ቤት ያልወለደውን ልጅ ተቀብሎ ሲያሳድግ ልጁ «የምግብ ልጅ»፣ አሳዳጊው «የምግብ አባት»፣ አብሮት ያደገው ደግሞ «የምግብ ወንድም» ይባል ነበር። በደም ያልተዛመዱት በማዕድ ተዛመዱ ማለት ነው። ቃሉ ከጊዜ በኋላ ሰፍቶ ተስፋን፣ ፍቅርን፣ ሰላምን ማሳደግና ማበረታታት የሚል ትርጉምም ያዘ። በዛሬው ሕግና ማኅበራዊ አገልግሎት ደግሞ ወላጅ አጠገቡ የሌለን ሕፃን ለተወሰነ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ተቀብሎ መንከባከብን ያመለክታል።

በዚህ ላይ ከ«አዶፕሽን» ጋር ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ይህኛው ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ለራስ መምረጥ» ማለት ነው። አንዱ ቃል ስለ መምረጥ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ማብላት ይናገራል። በመጀመሪያው ልጁ በሕግ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ በሁለተኛው ግን ልጁ የአሳዳጊው አይሆንም። ቢሆንም ይመገባል፣ ይለብሳል፣ ይጠበቃል። የእኔ ለማይባል ልጅ እንጀራ መቁረስ ከባድ ፍቅር የሚጠይቅ ነገር ነው።

የሀገራችን ባህልም ይህን ምሥጢር ያውቀዋል። በአማርኛ «የጡት ልጅ» እና «የማር ልጅ» የሚባሉት ስሞች ከመመገብ የተወሰዱ ናቸው። አሳዳጊው በማር የተቀባ ጣቱን ወይም ጡቱን ለልጁ በማጥባት አባትነቱን በምስክሮች ፊት ያጸና ነበር። በሕጋችን የገባው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃልም ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ለራስ ማሳደግ የሚል ፍቺ አለው። እንግሊዛዊውም አማራውም ኦሮሞውም ያልወለዱትን ልጅ ለማቅረብ ሲፈልጉ ቃል የወሰዱት ከማጥባት፣ ከማብላትና ከማሳደግ ነው።

የቃሉ ዘመዶች

የቋንቋ ሊቃውንት ለ«ፎስተር» መነሻ የሚሆነውን ጥንታዊ ሥር «መጠበቅ፣ ማሰማራት፣ መመገብ» በሚል ይፈቱታል። ከዚሁ ሥር በላቲን ሦስት የታወቁ ቃላት ወጥተዋል። እነርሱም «ፓስኬሬ» (ማሰማራት፣ መመገብ)፣ «ፓስቶር» (እረኛ) እና «ፓኒስ» (እንጀራ፣ ዳቦ) ናቸው። እንግዲህ በሀገራችንም የሚሰማው «ፓስተር» የሚለው መጠሪያ የ«ፎስተር» የሩቅ ዘመድ ነው። እረኛና እንጀራ በአንድ ሥር የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም። መንጋውን የሚጠብቅ ሰው ሥራው ተኩላን ማባረር ብቻ ሳይሆን ለምለም መስክ ማግኘትም ነውና።

ሁለተኛው ቤተሰብ ማጥባትና መመገብ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ኑትሪሬ» የወጣው ነው። «ኒውትሪሽን» (የምግብ ሥርዓት)፣ «ነሪሽ» (መመገብ)፣ «ነርቸር» (ተንከባክቦ ማሳደግ) እና «ነርስ» ሁሉም ከዚህ የተገኙ ናቸው። «ነርስ» በመጀመሪያ የሕፃን አጥቢና ሞግዚት ማለት ነበር፤ በኋላ ሕሙማንን ለምትንከባከብ ባለሙያ ስም ሆነ። በወላይታ ገጠር በጤና ጣቢያ የሕፃንን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ የምትለካ ነርስ በስሟ ውስጥ «አጥቢ» የሚለውን ቃል ተሸክማለች ማለት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ለሚገኙ ወጣቶቻችን የቀረበ ነው። በላቲን «አሌሬ» መመገብ ማለት ሲሆን «አሉምኑስ» የተመገበ፣ ያደገ ልጅ ማለት ነው። ምሩቃን «አሉምናይ»፣ የተማሩበትም ተቋም «አልማ ማተር» ማለትም መጋቢ እናት ይባላል። ዕውቀት የሚሰጥ ተቋም ራሱን በእናት መስሎ የሰየመው ማስተማርን ከማጥባት ባለመለየቱ ነው።

በግእዝ ያሉ አቻዎች

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቋንቋ ስንመለስ ይህን አሳብ የሚሸከሙ አራት ግሦች እናገኛለን።

1. ሐፀነ፦ አቀፈ፣ ተንከባክቦ አሳደገ፣ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው። «ሕፃን» የሚለው የዕለት ተዕለት ቃላችን የተገኘው ከዚህ ግሥ ነው። ስለዚህ «ሕፃን» ስንል ዕድሜው ጥቂት የሆነውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በቃሉ ውስጥ የሚታቀፍና የሚያድግ የሚል አሳብ አለ። ስሙ ራሱ አሳዳጊ ይጠይቃል። ሌላው የግሡ ዘር «ሕፅን» ሲሆን ዕቅፍ፣ ጉያ ማለት ነው። ድኻው አልዓዛር ከሞተ በኋላ ያረፈበት የአብርሃም ዕቅፍ በግእዙ ወንጌል በዚሁ ቃል ተጠርቷል (ሉቃ. 16፥22-23)። ዐረብኛም ተመሳሳይ ሥር አለው፤ ዕቅፍን «ሒድን»፣ ልጅን የማሳደግ መብትና ኃላፊነትን «ሐዳና» ይለዋል።

2. ሴሰየ፦ መገበ፣ ቀለበ ማለት ነው። «ሲሳይ» የሚለው ስም ከዚህ የወጣ ሲሆን በአባታችን ሆይ ጸሎት በግእዝ የዕለት እንጀራችንን የምንለምነው በዚህ ቃል ነው። ሲሳይ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ እንጂ በሰው ጥረት ብቻ የሚገኝ አይደለም።

3. ረዐየ፦ ጠበቀ፣ አሰማራ ማለት ነው። በመዝሙር 22 መጀመሪያ ላይ «ይሬዕየኒ» ተብሎ ስለ እግዚአብሔር እረኝነት የተነገረው በዚህ ግሥ ነው። የሚያስደንቀው ይህን መዝሙር ላቲኖች በሁለት መንገድ መተርጐማቸው ነው። ከግሪኩ የተመለሰው የመዝሙር መጽሐፋቸው እግዚአብሔር ይገዛኛል፣ ያስተዳድረኛል ሲል፣ ሄሮኒሞስ በቀጥታ ከዕብራይስጥ የመለሰው ደግሞ ያሰማራኛል፣ ይመግበኛል ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የእረኛ ሥራ ሁለቱንም ይይዛልና።

4. መገበ፦ ይህ ግሥ ለርእሳችን ዋናው ነው። በአማርኛ «መገበ» ስንል አበላ፣ ቀለበ ማለታችን ነው። በግእዝ ግን አስተዳደረ፣ መራ፣ ሹም ሆነ፣ አሰናዳ የሚል ሰፊ ትርጉም አለው። «መጋቢ» ማለት የጌታውን ቤትና ንብረት በአደራ ይዞ ለእያንዳንዱ የሚገባውን የሚያከፋፍል ሹም ነው። በገዳማት መጋቢ የሚባለው አባት የማኅበሩን ቀለብና ንብረት የሚይዘው ነው። የሐዲስ ኪዳን መምህር «መጋቤ ሐዲስ»፣ የብሉይ ኪዳን መምህር «መጋቤ ብሉይ» ሲባል ደግሞ የሚያከፋፍለው ምግብ ቃለ እግዚአብሔር መሆኑን ያሳያል። የፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶችም «ፓስተር» የሚለውን በአማርኛ «መጋቢ» እያሉ ይጠሩበታል። በወላይታ ሁለቱም አጠራሮች ጎን ለጎን ስለሚሰሙ ምእመናን ስሙ ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ምን እንደሚል ማወቃቸው ይጠቅማል።

ከላይ ያየናቸውን ሁሉ ስናነጻጽር አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የእንግሊዝኛው ቃል ከምግብ ተነሥቶ ወደ ማሳደግና መጠበቅ ሄደ። የግእዙ «መገበ» ደግሞ ከማስተዳደር ተነሥቶ በአማርኛ ወደ ማብላት መጣ። በተለያየ አቅጣጫ ተጕዘው በአንድ ስፍራ ተገናኙ። ሥልጣን ያለው ሰው ያበላል፤ የሚያበላም ሰው በሚያበላው ላይ ኃላፊነት አለበት።

የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

ይህ አንድነት በጌታችን ትምህርት ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። በሉቃስ ወንጌል ጌታው በቤተ ሰዎቹ ላይ የሚሾመው ታማኝ መጋቢ ሥራው ምን እንደሆነ ሲነገር፣ ምግባቸውን በጊዜው መስጠት ነው (ሉቃ. 12፥42)። «መጋቢ» እና «ምግብ» በአንድ ጥቅስ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። «በጊዜው» የሚለውም ቀላል አይደለም፤ ለተራበ ሕፃን ነገ የሚሰጠው እንጀራ ዛሬ አያድነውም።

በብሉይ ኪዳን የዚህ ምሳሌ ዮሴፍ ነው። በግብፅ ላይ የተሾመው እህል በጥጋብ ዘመን ሰብስቦ በረሃብ ዘመን ለማከፋፈል ነበር። የሸጡትን ወንድሞቹንም እንደ ልጆቻቸው ቍጥር መገባቸው (ዘፍ. 47፥12)። ሥልጣኑን ለበቀል ሳይሆን ለገበታ አዋለው። በአንጻሩ ነቢዩ ሕዝቅኤል ራሳቸውን የሚያሰማሩና መንጋውን የማያሰማሩ እረኞችን ወዮላቸው ብሏቸዋል (ሕዝ. 34፥2-3)።

ያልወለዱትን ልጅ ያሳደጉ ሰዎችም በቅዱሳት መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከውኃ አውጥታ አሳደገችው፤ ወላጅ እናቱም ሳትታወቅ በደመወዝ አጠባችው (ዘፀ. 2፥7-10)። መርዶክዮስ አባትና እናት ያልነበራትን አስቴርን አሳደገ (አስ. 2፥7)። ኑኃሚን የሩትን ልጅ በዕቅፏ አድርጋ ሞግዚት ሆነችው (ሩት 4፥16)። ሙሴም በበኩሉ የሕዝቡ ሸክም በከበደው ጊዜ ሞግዚት የሚጠባ ልጅን እንደሚታቀፍ ሕዝቡን መታቀፍ እንደ ተጠየቀ ለእግዚአብሔር ተናግሯል (ዘኍ. 11፥12)።

በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ስፍራዎች በዕብራይስጡ የምናገኘው ቃል «ኦሜን»፣ ለሴት «ኦሜኔት» የሚል ነው። ሊቃውንት ይህን ቃል «አሜን» ከምንለው፣ ታማኝነትንና ጽናትን ከሚያመለክተው ሥር ጋር ያገናኙታል። በግእዝም «አምነ»፣ «እሙን»፣ «ምእመን» ከዚሁ ሥር ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጸሎት መጨረሻ «አሜን» የሚል ምእመን ከሞግዚትነት ጋር በቃል የተዛመደ ነው። ሕፃን ሊያርፍበት የሚችል፣ የማይከዳ ዕቅፍ መሆን የምእመን ስም ይጠይቀዋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በኤፌሶን መልእክቱ አንድን የግሪክ ግሥ በሁለት ቦታ ይጠቀማል። «ኤክትሬፎ» የሚለው ቃል በአንዱ ስፍራ ሰው የገዛ ሥጋውን እንደሚመግብ ሲናገር (ኤፌ. 5፥29)፣ በሌላው አባቶች ልጆቻቸውን በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጉ ሲያዝዝ (ኤፌ. 6፥4) ተነግሯል። ለሐዋርያው ተግሣጽና እንጀራ ከአንድ እጅ የሚሰጡ ናቸው። ራሱም በተሰሎንቄ ምእመናን መካከል ልጆቿን እንደምትከባከብ ሞግዚት እንደ ነበረ መስክሯል (1ተሰ. 2፥7)። ጌታችንም ለቅዱስ ጴጥሮስ መንጋውን ሲሰጠው በግሪኩ ወንጌል የተነገሩት ቃላት ሁለት ናቸው፤ አንዱ መመገብን፣ አንዱ መጠበቅን ያመለክታል (ዮሐ. 21፥15-17)።

ከሁሉ በላይ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሦስት ዓመት ሲሆናት ወደ ቤተ መቅደስ ገብታ፣ በቅዱስ ፋኑኤል እጅ ሰማያዊ ኅብስትና ጽዋ እየተመገበች እንዳደገች ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ታኅሣሥ 3 ቀን የምናከብረው በዓታ ለማርያም ይህን ያስታውሰናል። አምላክን የወለደች እናት ራሷ በእግዚአብሔር ቤት ያደገች ናት። ጌታችንም በሥጋ በተወለደ ጊዜ አረጋዊው ዮሴፍ ጠባቂና አገልጋይ ሆኖ ወደ ግብፅ በስደት አብሮ ተጕዟል።

ቃሉ በወላይታ

በገድለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚነገረው የዳሞትና የንጉሥ ሞተለሚ ታሪክ በወላይታ ምእመናን ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ይህ ምድር የመጋቢነትን ትርጉም በአንድ መነኩሴ ሕይወት አይቷል። አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል በወላይታ ለረጅም ዘመን በጾም፣ በጸሎትና በስብከተ ወንጌል የኖሩ አባት ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ተመርጠው ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ 3ኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። ከባሕታዊ ኑሮ ወደ መንበረ ፓትርያርክ ሲመጡ ኑሯቸውን አልቀየሩም፤ ያለ ጫማ ይሄዱ፣ በጥብቅ ተጋድሎ ይኖሩ ነበር። በ1980 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለድኾችና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት የነበራቸው ርኅራኄ ይነገርላቸዋል። ራሳቸው ጥቂት እየበሉ ሌላውን ማጥገብ፣ ይህ የመጋቢ ሕይወት ነው።

የወላይታ መሬት ለምለም ነው። ሆኖም የገጠሩ ሕዝብ ብዛት ከሀገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው። የቤቱ መመኪያ በጓሮ ያለው እንሰት ነው፤ በወላይትኛ «ኡታ» ይባላል። እንሰት ከአንድ ሥር ብዙ ችግኝ ያወጣል፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ ይተከላል፣ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይጠይቃል። ልጅን ማሳደግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ለወላይታ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጓሮው ያስተምረዋል።

በበልግ ወራት፣ በቆሎው ሳይደርስ፣ ብዙ ቤቶች የሚደገፉት በስኳር ድንች ነው። ስኳር ድንቹ ሲጠፋና በልጉ ሲዘገይ ምድሩ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሕፃናት ይራባሉ። «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለው ይህ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች እንዲህ ያለ ችግር ደርሶ ብዙ ሕፃናት በሕክምና ምግብ ጣቢያዎች ታክመዋል። ሊቃውንት «መገበ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚያያይዙት ወር መጋቢት ለብዙ የወላይታ ቤቶች የጓዳ መጉደያ ወር መሆኑ ያሳዝናል። መጋቢት በዐቢይ ጾም ውስጥ የሚውል ወር ነውና፣ እኛ በፈቃዳችን ስንጾም ጎረቤታችን ያለ ፈቃዱ የሚጾም መሆኑን ልናስብ ይገባል።

የልጆች ከቤት መውጣትም ሌላው ጉዳይ ነው። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊትና በኋላ ከወላይታና ከአካባቢው በርካታ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሀገር ሄደዋል። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው ሕግ የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ቀርቷል። ሌሎች ታዳጊዎች ደግሞ ገና በልጅነታቸው ጫማ ለመጥረግና የጉልበት ሥራ ለመሥራት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። ሕጉ በሩን ሲዘጋ ጥያቄው ወደ እኛ ቤት ዞሯል። ውጭ ያለ ሰው ካላሳደጋቸው ማን ያሳድጋቸው?

ወላይትኛም መልስ የሚጠቁም ቃል አለው። ሁሉም የሚያውቀው የእግር ኳስ ክለብ «ወላይታ ድቻ» በስሙ የያዘው «ድቻ» ዕድገት፣ ልማት ማለት ነው። የሕዝብ ልማት የሚጀምረው ልጅን በማሳደግ ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ የክርስትና አባትነትንና እናትነትን ወደ ትርጉሙ እንመልሰው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ከተጠመቁ በኋላ የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ይታቀፋሉ፤ ሕፃኑም በዚያው ቀን ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላል። «ሐፀነ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በዓይን ይታያል፤ ዕቅፍም አለ፣ ምግብም አለ። ሕፃኑ ወላጅ ቢያጣ የመጀመሪያው ተጠያቂ የታቀፈው ሰው ነው። ብዙዎቻችን ግን ከጥምቀቱ ቀን በኋላ የክርስትና ልጃችንን የት እንዳለ አንጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ጾምንና የሕፃናትን ምግብ አናጋጭ። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ሕመምተኞችም በሥርዓቱ ይታሰብላቸዋል፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። ይሁን እንጂ የጾም ዕቃ እንዳይነካ በመስጋት በጾም ወራት ለሕፃን እንቁላልና ወተት የማይሰጥባቸው ቤቶች አሉ። ለሕፃኑ አንድ ድስትና አንድ ሳሕን መለየት ይህን ስጋት ያስወግዳል። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷልና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጠበል መጠመቁና መታከሙ አይጣሉም፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤያትና የጽዋ ማኅበራት በየአጥቢያው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይመዝግቡ። ለአንድ ቤት የሚከብደው ለዐሥራ ሁለት ቤት ይቀላል። ለጽዋ ከሚዘጋጀው ማዕድ ጥቂቱን ለአንድ ልጅ የዓመት ቀለብና ደብተር ማዋል የማኅበሩን ስም ያጸናዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሀገሩን ረሃብ በመታው ጊዜ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በስብከቱ ገሠጸ፤ የተራቡትንም ሰብስቦ በእጁ አበላ። የስብከቱን እውነትነት ያረጋገጠው በድስቱ ነበር።

አራተኛ፣ የምንቀበለውን ልጅ እንደ አገልጋይ አንቍጠረው። «ላሳድገው» ብሎ ከገጠር አምጥቶ ከትምህርት ከልክሎ በቤት ሥራ የሚያደክም ሰው አሳዳጊ አይባልም። የሚበላው ከልጆቻችን ገበታ፣ የሚማረውም ከልጆቻችን ጋር ሊሆን ይገባል። ሰንበት ትምህርት ቤትም ይጠብቀዋል።

በአንጻሩ ቃለ እግዚአብሔርን ብቻ እያስተማሩ የተራበን ልጅ ባዶ ሆዱን መሸኘት ሐዋርያው ያዕቆብ የነቀፈው ነው፤ እርሱ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በሰላም ሂዱ፣ ጥገቡ ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋልና (ያዕ. 2፥15-16)። እንጀራ ብቻ ሰጥቶ እምነቱንና ቋንቋውን፣ ዘመድና ማንነቱን የማያስታውሰውም እንዲሁ ጎዶሎ ነው። ቃሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይዟልና እኛ አንለያያቸው።

ማጠቃለያ

«ፎስተር» ምግብ ከሚል ቃል ተነሣ፤ «ሐፀነ» ከዕቅፍ፣ «መገበ» ከአደራ ጋር ተገናኘ፤ የዕብራይስጡ «ኦሜን» ከ«አሜን» ጋር ተዛመደ። ምግብ፣ ዕቅፍ፣ አደራና እምነት አንድ ላይ ሲሆኑ ሕፃን ያድጋል፤ አንዱ ሲጎድል አሳዳጊነቱም ይጎድላል። ጌታችን በፍርድ ቀን ተርቤ አብልታችሁኛል ወይስ አላበላችሁኝም ብሎ የሚጠይቀን ስለዚህ ነው (ማቴ. 25፥35-42)። ያን ጊዜ የምንጠየቀው የቃሉን ትርጉም አይደለም፤ በደጃችን ያለፈውን ሕፃን ነው።

የሕፃናት አምላክ፣ ፍጥረትን ሁሉ የሚመግብ እግዚአብሔር ታማኝ መጋቢዎች ያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።